«ይመስገን» መልስ አይደለም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ድርጅቱ ገንዳ ውሃ ላይ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የተቆጣጣሪዎች ሥልጠና ነበረው። የእኔንም ሽኝት እዚያው ላይ ጨመሩት፤ አዳራሹ ተከራይቷል፣ ለስላሳው ተገዝቷል፣ ሌላ ምን ወጪ አለው። ከመድረኩ በስተኋላ «ሰው ተኮር አመራር ለላቀ ውጤት» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ከጨርቁ ሥር የቆመው ሥራ አስኪያጃችን አቶ ብሩክ ነው። ወጣት ነው፣ የተማረ ነው፣ ሲናገር ሰው አያስቀይምም። እኔን ያንገበገበኝም ይኸው አለማስቀየሙ ነው። ተሳዳቢ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ተጣልተን ይወጣልን ነበር።

«ጋሽ መኳንንት ዕድሜያቸውን ሙሉ በእርሻ ላይ ሰው አስተዳድረዋል» አለ ማይኩን ይዞ። «ከልምዳቸው ሁለት ሦስት የአመራር ትምህርት ያካፍሉናል። አሥራ አምስት ደቂቃ አለዎት፣ ጋሽዬ።»

ተነሣሁና ማይኩን ተቀበልሁ።

«ትምህርቱ አንድ ነው» አልሁ። «ቢሮ ውስጥ ታከለ በሚባል ሟች ሠራተኛ ስም የተከፈተ ፋይል አለ። በዚያ ፋይል ውስጥ እኔ የፈረምሁባት ውሸት አለች። ዛሬ እሷ ትታረምልኝ፤ በቀረችኝ ደቂቃ ሌላውን አስተምራለሁ።»

አቶ ብሩክ ፈገግ ብሎ «ጋሽ መኳንንት ጨዋታ ይወዳሉ» ሲል፣ የማያውቁኝ አዲሶቹ ልጆች አጨበጨቡ። ማይኩን በትሕትና ከእጄ ወሰደና ስጦታዬን አስረከበኝ፤ የግድግዳ ሰዓት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሰዓት ሲያሯሩጡኝ ኖረው፣ ሲያሰናብቱኝም ሰዓት ሰጡኝ።

እኔ ግን እየተጫወትሁ አልነበረም። በዚያች አሥራ አምስት ደቂቃ እንዳልናገር የተከለከልሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ እዚህ ማይክ የሚቀማኝ የለም።

የበለሳ ልጅ ነኝ። ወደ መተማ ቆላ የወረድሁት እንደማንኛውም ደገኛ ማጭዴን በጆንያ ጠቅልዬ፣ ለአንድ አጨዳ ብቻ ብዬ ነው። ሸሕዲ፣ በሌላ ስሟ ገንዳ ውሃ ላይ ከአውቶቡስ ስንወርድ የሰው ገበያ ቆሞ ነበር፤ ዛሬም ይቆማል። የእርሻ ካቦዎች በመካከላችን እየተዘዋወሩ ትከሻችንን ይዳብሳሉ፣ ክንዳችንን ጨበጥ ያደርጋሉ፣ ደስ ያላቸውን ወደ መኪና ይጭናሉ። ያኔ አልገባኝም እንጂ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ በሬ የሚገዛ ሰው እንኳ መጀመሪያ ከባለቤቱ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል።

እኔን የመረጡኝ ካቦ ትከሻዬን አልነኩም። ሐጂ ኢድሪስ ይባላሉ፤ የመተማ ዮሐንስ ሰው ናቸው። መካ ሄደው አያውቁም፤ ሐጂ የነበሩት አባታቸው ሲሆኑ ስሙን ከሱቁ ጋር አብረው ወረሱት፤ ራሳቸውም ይቀልዱበት ነበር። ከፊቴ ቆሙና «ማጭድህን አሳየኝ» አሉኝ። ከጆንያው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ስለቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ነካ ነካ አድርገው «ማን ሳለው?» አሉ።

«እኔው ነኝ።»

«በል ተሳፈር።»

የሰሊጥ ሥራ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ሰሊጥ የታችኛው ፍሬ አፉን ሊከፍት ሲል ነው የሚታጨደው። ከቀደምህ አልሞላም፤ ከዘገየህ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይዘራል፤ መሬት ላይ የተዘራ ሰሊጥ ደግሞ የጉንዳን ነው። አጫጁ አገዳዎቹን በግራ እጁ ሰብሰብ አድርጎ ሳያናውጥ ይይዛል፣ ማጭዱን ዝቅ አድርጎ ወደ ራሱ ይስባል። ነዶው ይታሰርና ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ከሌሎች ነዶዎች ጋር ተደጋግፎ ይቆማል፤ ይህን ክምር ሂላ እንለዋለን። ሂላው ሲደርቅ ሸራ ይነጠፍና ነዶው ተገልብጦ ይረገፋል። እስከዚያ ድረስ ከአጨዳው እስከ ሸራው ሥራው በሙሉ የእጅ እርጋታ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲያጭድ ውሎ የሚያስገባው ገለባ ነው።

ሐጂ ኢድሪስ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጠዋት ወደ ማሳ ከመውጣታችን በፊት ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ደፍተው ይቀመጡና ሞረዱን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ሰው በየተራ መጥቶ ማጭዱን እሳቸው ፊት ሦስት አራት ጊዜ ይሞርዳል። ሌላ ሞረድ የሌለን መስሎኝ ነበር በመጀመሪያ። በኋላ ነው የገባኝ፤ የሚያዩት ማጭዱን ሳይሆን የያዘውን እጅ ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው ሞረዱን ቀጥ አድርጎ መግፋት አይችልም፤ ይዘልበታል።

ሁለተኛው ልማዳቸው ጥያቄ ነበር። ሰላምታ ይሰጡሃል፤ ደህና አደርህ፣ ደህና። ከዚያ በኋላ ግን ስላንተ አይጠይቁህም።

«ከጎንህ የተኛው እንዴት አደረ?» ይሉሃል።

አንባቢ ሆይ፣ የእኛን ሰው ታውቀዋለህ። ደህና ነህ ወይ ከተባለ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እግሩ ተሰብሮም ይላል፣ ወንድሙን ቀብሮ ሲመለስም ይላል። ነውር አይደለም፤ አስተዳደጋችን ነው። ሕመሙን ለማያውቀው ሰው መዘርዘር ያሳፍረዋል፣ አምላኩን ያማረረም ይመስለዋል። ሐጂ ኢድሪስ ደግሞ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ።

«ያ ዞል፣ እኛም አልሐምዱሊላህ እንላለን» ይላሉ፤ «ያ ዞል» በሱዳኖቹ ዐረብኛ «አንተ ሰው» ማለት ነው። «ያ ያንተና የፈጣሪህ ወሬ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ? እኔ የጠየቅሁህ ስለ ጎረቤትህ ነው።»

ስለ ራሱ የሚደብቅ ሰው ስለ ጓደኛው ሲጠየቅ ጨክኖ አይዋሽም። እኔ በራሴ አይቸዋለሁ። በዚያው በመጀመሪያው ዓመቴ ወባ ያዘኝ። ሞረዱን እንደምንም ገፋሁና «ይመስገን» ብዬ ላልፍ ስል ከጎኔ የሚተኛው የወሎ ሰው «ኧረ ሲያቃስት ነው ያደረ» ብሎ አጋለጠኝ። ሐጂ ያንኑ ጠዋት ትራክተር ተሳቢ ላይ አስጭነው ወደ ጤና ጣቢያ ሰደዱኝ። የሥራ ቀን አስቀረብኝ ብዬ ያንን ወሎዬ ሁለት ሳምንት አኮረፍሁት። ዛሬ ስሙን ረስቼዋለሁ፤ ዕድሜዬን የሰጠኝን ሰው ስም መርሳቴ ያሳፍረኛል።

ለአንድ አጨዳ ብዬ የመጣሁ ሰውዬ እዚያው ቀረሁ። ሐጂ ካቦ አደረጉኝ፣ ሞረዱንም ቆርቆሮውንም ሰጡኝ። እሳቸው ጉልበታቸውን ሲያማቸው መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ሱዳኗ ገላባት መሻገሪያው አጠገብ ካለው ሱቃቸው ገቡ። እኔም አንድ ሁለት ዓመት እዚያው ከተማ በሰሊጥ መጋዘን ሠራሁ። አለቃዬ ከጧት እስከ ማታ የሚጮህ፣ ጫኝና አውራጁን ሁሉ በእናቱ የሚሳደብ ሰው ነበር። ግን የሰባ ሰው ስም ከነልጆቹ ስም ያውቃል፣ ሰው ሲታመምበት ራሱ ባጃጅ ፈልጎ ያሳፍራል። ጠላሁት ብዬ ነበር የወጣሁት፤ አሁን ሲታየኝ ከአንዳንድ ለስላሳ ተናጋሪ ይሻል ነበር። የሚከፍለው ደሞዝ ትንሽ ነው፣ ሆዱ ግን የአባት ነበር፤ ስለሱ ብዙ አልልም።

በመጨረሻ ወደዚህ ትልቅ የሰሊጥ እርሻ ድርጅት ገባሁ። ከካቦነት ተነሥቼ የሠራተኛ ተቆጣጣሪ ሆንሁ፤ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ኋላም ከድርጅቱ ስልክ ተሰጠኝ። የሐጂን ጥያቄ ግን ለረጅም ጊዜ አልተውሁም። በሥሬ ያሉትን ካቦዎች ሁሉ ቆርቆሮ ላይ አስቀምጬ ሞረድ አሲዣቸው ነበር።

አቶ ብሩክ ሲመጣ ይህን አየና ወደ ቢሮው ጠራኝ። እውነቱን ለመናገር በአክብሮት ነው የጠራኝ፤ ውሃ ሁሉ ቀድቶ ሰጠኝ።

«ጋሽዬ፣ የጠዋቱ ነገር ደስ ይላል፣ ባህላዊ ነው» አለኝ። «ግን ሁለት መቶ ሰው አንድ በአንድ ሲያልፍ ፀሐይ ትወጣለች። አሁን በስልክ የሚሞላ ቅጽ አለን። ሁሉንም ሰብስበው አንዴ ይጠይቋቸዋል፣ ደህና የሆነውን ደህና ብለው ይሞላሉ። ማስረጃም ይሆነናል።»

«ሰው ተሰብስቦ ሲጠየቅ ሕመሙን አይናገርም» አልሁት።

«ለምን አይናገርም? አዋቂ ሰው ነው። የራሱን ጤንነት የማሳወቅ ኃላፊነት የራሱ ነው።»

ይህን ሲለኝ ጠረጴዛውን ብደበድብ ጥሩ ነበር። አልደበደብሁም። ተከራክሬያለሁ፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ተከራከርሁ። ከዚያ ግን ደከመኝ። ደግሞ ልደብቀው አልችልም፤ ወንበሩ ጥሞኝ ነበር። ጡረታዬ ቀርቧል፣ ከአለቃ ጋር መጣላት ምን ይበጀኛል አልሁ። ካቦዎቹ ቆርቆሯቸውን ወደ ኩሽና መለሱ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ እንጂ አቶ ብሩክ አይደለም፤ እሱ አዝዟል፣ እኔ ምን እንደሚያመጣ እያወቅሁ ታዝዣለሁ። የእሱን አለማወቅ ይቅር ብለው እንኳ የእኔን ማወቅ ምን ላድርገው?

በዚያ ዓመት ያለጊዜው የዘነበ ዝናብ ሰሊጡን አንድ ላይ አደረሰው። በየማሳው ፍሬው አፉን ሊከፍት ነው፣ ድርጅቱ ተጣድፏል። እኔ ጠዋት ጠዋት ተሳቢ ላይ እወጣና ድምፅ ማጉያውን ይዤ «ደህና አደራችሁ?» እላለሁ። ሁለት መቶ ሰው በአንድ አፍ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ይላል። ስልኬ ላይ ከላይ እስከ ታች «ደህና»፣ «ደህና»፣ «ደህና» እያልሁ እነካለሁ። እውነት እላችኋለሁ፣ ድምፃቸው ደስ ይለኝ ነበር። ተወዳጅ አለቃ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

ከእነዚያ ሁለት መቶዎች አንዱ ታከለ ነው። የጎጃም ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜው ነበር ወደኛ ሲመጣ። ነዶ ሲያስር የአገዳውን ልጥ ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ ወደ ውስጥ ይሸጉጠዋል፤ የታከለ ነዶ ሂላ ላይ ቆሞ ተፈትቶ አያውቅም። አብሮት ከመንደሩ የመጣ አበጀ የሚባል ጓደኛ ነበረው፣ በአንድ ዳስ ጎን ለጎን ይተኛሉ።

አንድ ቀን አራት ሰዓት ላይ ካቦው እየሮጠ መጥቶ ሰው ወደቀ አለኝ። ስደርስ ታከለ ከትልሙ መካከል በጎኑ ተኝቷል፣ አበጀ ነጠላውን አልብሶታል። ሰውነቱ እሳት ነው። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። ከመነሻው ጀምሮ በሄደበት ትልም ሁሉ የሰሊጥ ፍሬ መሬት ላይ ነጭ ሆኖ ረግፏል። ያ ለዓመታት አንዲት ፍሬ ሳያረግፍ የሚያጭድ ሰው፣ ከጠዋቱ ከመጀመሪያው ጭብጥ ጀምሮ እጁ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ቆሞ ለሚያይ ሰው ጽሑፍ ነበር። አጠገቡ ቆሞ ያየ የለም፤ እኔ ተሳቢ ላይ ነበርኋ።

ጫንነው። ዋልካው ጭቃ ሆኖ ትራክተሩ ሁለት ጊዜ ተያዘብን። ገንዳ ውሃ ሳንደርስ ታከለ በአበጀ ጭን ላይ አለፈ።

አበጀ አላለቀሰም መጀመሪያ። ቀና ብሎ አየኝና «አያ መኳንንት፣ ሁለት ሌሊት ሲንቀጠቀጥ ነው ያደረ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?» ብዬ ጮኽሁበት። በሰውየው ጭን ላይ ሬሳ አለ፣ እኔ እጮህበታለሁ።

«እንዳትናገር ብሎኝ ነበር። ሰው ባለበት ተነሥቼ ጓደኛዬ ታሟል ብል አዋረድኸኝ ይለኛል። ካቦው እንደ ድሮው ለብቻዬ ቢጠይቀኝ ግን እናገር ነበር። እንዴት አልናገርም?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። አስከሬኑ ከአበጀ ጋር ወደ ጎጃም ከተላከ በሦስተኛው ቀን አቶ ብሩክ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። «ሠራተኛው በዕለቱ ጠዋት ስለ ጤንነቱ ተጠይቆ ደህና መሆኑን ያረጋገጠ ሲሆን፣ ሕመሙን ደብቆ ወደ ሥራ በመሰማራቱ ሕይወቱ ሊያልፍ ችሏል» ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም ተጽፎ ፊርማ የሚል ቦታ አለ።

«ይሄ ልክ አይደለም» አልሁ።

«የቱ ጋ ነው ልክ ያልሆነው፣ ጋሽዬ? አልጠየቋቸውም?»

«ጠይቄያለሁ።»

«ደህና ነን አላሉም?»

«"ይመስገን" ብለዋል።»

«እና?»

እና ምን እለዋለሁ? በእሱ ቋንቋ መልሱ ትክክል ነው። እያንዳንዷ ቃል ብትመረመር እውነት ናት፣ ተሰብስበው ሲነበቡ ግን ነጭ ውሸት ናቸው። ይህን የምናገርበት ቃል አጥቼ፣ ደግሞም ጥፋተኛ ማነው ተብሎ ከተፈለገ ራሴ እንደምገኝ አውቄ ፈረምሁ። ብዕሩን የሰጠኝም እሱ ነው።

በሳምንቱ መተማ ዮሐንስ ሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ሄድሁ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ሁሉን ነገርኋቸው፣ ወረቀቱን ጭምር።

«ሁለት መቶ ሰው በማጉያ ጠየቅህ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ጎረቤቱን አልጠየቅህም?»

«አልጠየቅሁም።»

«ኸላስ፣ በቃ» አሉና ወደ ዕቃቸው ዞሩ። እሳቸው ቤት ገብቼ ሻይ ሳልጠጣ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሻይ አቀረቡልኝ፣ ግን እንደ ድሮው ሳንጫወት ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እነሆ የተናደድሁበት ዋናው ነገር። በቀጣዩ አጨዳ አበጀ ተመልሶ ሲመጣ የመንደሩን ወሬ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ለቤተሰቡ ተልኮ ኖሯል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነዋ፣ የቀበሌው ጸሐፊ ሰው በተሰበሰበበት አነበበው። ሕመሙን ደብቆ! ሰዉ እርስ በርሱ «ለቀን ምንዳ ሲስገበገብ ራሱን ገደለ» ይባባል ጀመር። እናቱ ወይዘሮ ጥሩዬ ልጃቸውን መቅበራቸው ሳያንስ፣ ስስታም ልጅ ያሳደጉ ሴት ተባሉ። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ዳር ይዘው ይቀመጣሉ አለኝ አበጀ፣ ማኅበራቸውንም ትተዋል።

እኛ ገንዳ ውሃ ቢሮ ተቀምጠን ራሳችንን ለመከላከል በጻፍናት አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ ሦስት ቀን መንገድ ርቀው ያሉ ባልቴት አንገታቸውን ደፉ። አቶ ብሩክ ይህን አላሰበም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ለእሱ ወረቀት ፋይል ውስጥ የሚቀር ነገር ስለሆነ ነው። እኔ ግን የደጋ ልጅ ነኝ፤ ማኅተም ያለው ወረቀት መንደር ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። አውቄ ነው የፈረምሁት።

በማግስቱ ጠዋት ማንንም ሳላስፈቅድ ቆርቆሮዎቹን ከኩሽና አስወጣሁ። ካቦዎቹ ሞረዳቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ ጥያቄውም ተመለሰ። አቶ ብሩክ አይቶ እንዳላየ አለፈ፤ ቅጹ እስከተሞላ ድረስ ግድ አልነበረውም። ወረቀቱን ግን እምቢ አለ። አንድ ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅሁት። ሦስተኛው በሽኝቴ ዕለት በአዳራሹ ነው። ሰዓቱን ይዤ ከወጣሁ በሳምንቱም ለመጨረሻ ጊዜ ቢሮው ሄድሁ።

«ጋሽ መኳንንት፣ ስሜትዎ ይገባኛል» አለኝ። ይህችን ቃል ሥልጠና ላይ ነው የተማሯት መሰለኝ፣ ሁሉም ይላታል። «ግን ያ ፋይል ተዘግቷል። ከተከፈተ የሕግ ጉዳይ ይመጣል። መጀመሪያ የሚጠየቁት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«እኔም የምፈልገው መጠየቅ ነው» አልሁት። «አንተ ሰው ተኮር የሚል ጨርቅ ሰቅለሃል። ከዚያ ጨርቅ ሥር ቆመህ ስለ ሰው ልጅ ክብር ታስተምራለህ። አንዲት እናት እንዲህ ሆኑ ስልህ ስለ ፋይል ትነግረኛለህ። አፍርብሃለሁ፤ ከአንተ በፊት ደግሞ በራሴ አፍራለሁ።»

ፊቱ ሲቀላ ያየሁት ያኔ ነው። በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ።

ወረቀቱን ከቢሮ ማውጣት ካልቻልሁ የፈረመውን ሰው፣ ራሴን፣ ይዤ መሄድ እንደምችል የታየኝ እቤቴ ገብቼ ነው። ይህን ለማሰብ አራት አጨዳ ፈጀብኝ። ባለቤቴ «የሟች ዘመዶች መሐል ገብተህ ጥፋቱ የእኔ ነው ልትል? ቢገድሉህስ?» አለችኝ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ተዘግቶ የከረመው መንገድ የተከፈተ ሰሞን ወደ ጎንደር የሚሄድ አውቶቡስ ያዝሁ። ባሕር ዳር ላይ አበጀ ጠበቀኝ፣ ከዚያ በኋላ በመኪናም በእግርም ሄድን።

መንደሩ የደረስነው ቅዳሜ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ወይዘሮ ጥሩዬ ከሴቶቹ ለብቻቸው ፈንጠር ብለው ግንቡን ተደግፈዋል። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አበጀ ለሽማግሌዎቹ «ታከለ ይሠራበት ከነበረው እርሻ የመጡ ናቸው፣ የሚናገሩት አላቸው» አለና ተቀመጠ።

ቆምሁ። ተሳቢም ማጉያም የለም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቋረጥሁ።

«እኔ የታከለ አለቃ ነበርሁ» አልሁ። «ታሞ እንደነበር ከጎኑ የሚተኛው አበጀ ያውቅ ነበር። የእኔ ሥራ በየጠዋቱ አበጀን መጠየቅ ነበር። ከእኔ በፊት የነበሩት አለቃዬ እንደዚያ ነበር ያስተማሩኝ፣ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስሠራ ኖሬያለሁ። በዚያ ዓመት ግን አለቆቼን ለማስደሰት ብዬ ተውሁት። ሁሉንም ሰብስቤ ደህና አደራችሁ አልሁ፣ ይመስገን አሉኝ። ታከለ ሌላ ምን ይበል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ወረቀቱ እንዲህ አይልም» አሉ። «ወረቀቱ ደብቆ ይላል።»

«ወረቀቱን የፈረምሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ። ከሥሩ ያለው ስም የእኔ ነው። ውሸት ነው የፈረምሁት። ጥፋቱ ወደ እኔ እንዳይመጣ ብዬ ለሞተ ሰው ሰጠሁት።»

አንድ ጎልማሳ ከተቀመጠበት ሊነሣ ሲል ሽማግሌው እጁን ይዘው አስቀመጡት። እኔ የሚመጣውን ለመቀበል አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት፤ ቃሉ ግን አፌ ውስጥ ትንሽ ሆነብኝ፣ ሳልናገረው ቀረሁ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ከግንቡ ተነሡ። ወደ እኔ የሚመጡ መስሎኝ ነበር። በአጠገቤ አልፈው ሄደው ሰዉ መካከል ቆሙ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ የሴቶቹንም የወንዶቹንም ፊት አንድ በአንድ አዩ።

«ሰማችሁ?» አሉ። «ልጄ አልተስገበገበም። ጠያቂ ነው ያጣ።»